ካውል ፍላፕ መስኮት አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ባጃጅ ነጂ ጋራዤ መጣ። ልጁን አውቀዋለሁ። ከፒያሳ ጥቁር ውሃ ሲመላለስ የሚውል፣ ሥራ የማይመርጥ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ሞተሯ ትንሽ ስትሄድ ትግላለች፣ ጉልበትም ታጣለች" አለኝ። የኋላውን ገልጬ ሳይ ሲሊንደሩ ራቁቱን ቆሟል። ዙሪያውን የሚሸፍነው ክዳን የለም።

"የት አደረስከው?"

"አወለቅኩት። እንዲተነፍስ ብዬ ነው።"

ማን እንደመከረው ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አንድ ጽሑፍ አሳየኝ። ጽሑፉ ስለ ባጃጅ አይደለም፣ ስለ አውሮፕላን ነው። ካውል ፍላፕ የሚባለው ነገር የአውሮፕላን ሞተርን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ያብራራል። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ የሚል ምክር አለው፦ "አውሮፕላን እንኳ ሞተሩ ሲሞቅ ክዳኑን ከፍቶ ያናፍሳል፤ የባጃጅና የመኪና ባለቤቶችም ከዚህ ሊማሩ ይገባል።" ልጁም ተማረ። የተማረበት ባጃጅ ጋራዤ ውስጥ ቆሟል።

እኔ ዛሬ ሐዋሳ ላይ መኪና እጠግናለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት የትንንሽ አውሮፕላኖች ቴክኒሻን ነበርኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ሴስና 206 ሥር ተጋድሜ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አማርኛቸው ደስ ይላል፣ ስለ አውሮፕላን የሚጽፍ ሰው ከተማችን ውስጥ መገኘቱም ደስ ይላል። ነገሩን ግን ገልብጠው ነው የያዙት።

ለማያውቀው በአጭሩ ልንገር። የአውሮፕላን ሞተር የሚሸፈንበት የላሜራ ልብስ ካውሊንግ ይባላል። የመኪና ኮፈን በሉት። ካውል ፍላፕ በዚያ ኮፈን ግርጌ ላይ፣ ወደ ኋላ በኩል፣ በማጠፊያ የተንጠለጠለች ትንሽ መዝጊያ ናት። ሴስና 206 ወይም 182 ላይ አብራሪው በቀኝ እጁ በኩል ባለች ማንሻ ይከፍታታል፣ ይዘጋታል። ከውጭ ሲያዩዋት የደብዳቤ ሣጥን ክዳን ትመስላለች።

የጽሑፉን ቃል እየጠቀስኩ ወደ ነጥቦቹ ልግባ።

"ካውል ፍላፕ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር በእሱ በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል።"

ሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ የተወለዱት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። አየር በካውል ፍላፕ አይገባም። ይወጣል።

መግቢያው ፊት ለፊት ነው። ከፕሮፔለሩ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ክፍት አፎች አሉ። አየሩ በእነሱ ገብቶ ከሞተሩ በላይ ይጠራቀማል። እዚያ ግፊቱ ከፍ ይላል። ከዚያ በሲሊንደሮቹ መካከል፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተደረደሩት ስስ የብረት ክንፎች ውስጥ ሰርጎ ወደ ታች ይወርዳል። ሙቀቱን ተሸክሞ ከሞተሩ ሥር ይደርሳል። ከዚያ በኮፈኑ ግርጌ ወደ ውጭ ይሄዳል። ካውል ፍላፕ ያለችው እዚያ ነው፣ መውጫው አፍ ላይ።

መውጫውን ማስፋት እንዴት የሚገባውን አየር ይጨምራል? ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ላይ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከሐይቁ በኩል ንፋስ አለ። የሳሎኑን በር በሰፊው ትከፍታለህ፣ መጋረጃው ንቅንቅ አይልም። ላብህ በጀርባህ ይወርዳል። የጓዳውን በር ስትከፍት ግን መጋረጃው ወዲያው ይነሳል። ንፋሱ ያኔም ነበረ። የሚሄድበት አጥቶ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፍላፗ ወደ ውጭ ስትዘረጋ ከውጭ የሚሮጠውን አየር ትገፋዋለች፣ ከጀርባዋ ግፊቱ ይቀንሳል። ያ ዝቅ ያለ ግፊት ከኮፈኑ ውስጥ ያለውን ሙቅ አየር ይስባል። ባጃጅ ሲፈጥን የጎን ሸራው ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ የሚነፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፍላፗ ሁለት ሥራ ትሠራለች፦ መውጫውን ታሰፋለች፣ ሙቁን አየርም ትስባለች።

ይህን ያህል የምጨነቀው ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ነው። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን አፍንጫው ላይ የሚያርፈው የንፋስ ግፊት ውሃን በቱቦ ውስጥ ወደ ላይ ቢገፋ አንድ ስንዝር እንኳ አያስኬድም። ስድስት ሲሊንደር የሚያቀዘቅዘው በዚያች ግፊት ነው። ከሚቃጠለው ነዳጅ ጉልበት ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ሲሶው ገደማ ነው። ብዙው በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ የተረፈው ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳና በዘይቱ በኩል መውጣት አለበት። ስለዚህ ከዚያች ከስንዝር ያነሰች ግፊት አንዲት ቅንጣት መባከን የለባትም።

እንዴት እንደምትባከን ደግሞ በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት።

ገና ጀማሪ ነበርኩ። አንድ 206 ከፍተሻ ወጣና በረረ። አብራሪው ተመልሶ "የኋለኛው ሲሊንደር ሙቀቱ ከሌሎቹ ተለይቶ ይወጣል፣ ካውል ፍላፑን እስከ ጫፍ ብከፍተውም አይወርድልኝም" አለ። እኛም ጌጁን ጠረጠርን። የሙቀት መለኪያውን ከሌላ ሲሊንደር ጋር አቀያየርን። ችግሩ መለኪያውን ተከትሎ አልሄደም፣ እዚያው ሲሊንደር ላይ ቀረ። የነዳጅ መርጫውን አወረድን፣ አጸዳን። ምንም የለም። ሁለት ቀን እንደዚያ ስንዳክር ቆየን።

በሦስተኛው ቀን አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን መጡ። ማንንም አልጠየቁም። የእጅ ባትሪ ያዙ፣ በፊተኛው አፍ በኩል አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ። ከዚያ ጠሩኝ። "ና እስቲ አንተ ልጅ፣ ያን ጎማ እየው።"

አየሁት። ሞተሩ ዙሪያውን ባፍል በሚባል ላሜራ የታጠረ ነው። የላይኛው አየር በሲሊንደሮቹ መካከል ካልሆነ በስተቀር ወደ ታች ማለፊያ እንዳያገኝ ነው የታጠረው። በላሜራውና በኮፈኑ መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው ደግሞ እንደ ከንፈር የታጠፈ የሲሊኮን ጎማ ነው። ከንፈሩ ግፊት ወዳለበት ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ያኔ አየሩ ራሱ ገፍቶ ከኮፈኑ ጋር ያጣብቀዋል። ከኋለኛው ጥግ ላይ ግን አንድ ጣት የሚያህል ርዝመት ወደ ተቃራኒው ታጥፎ ነበር። አየሩ ሲሊንደሩን ሳይነካ በዚያ ክፍተት ሾልኮ ይወርድ ነበር።

ኮፈኑን የመለስኩት እኔ ነበርኩ። ቸኩዬ ነበር። ጎማው ሲታጠፍ አላየሁትም።

አንጋፋው አልተቆጡም። ጎማውን በጣታቸው ወደ ቦታው መለሱና "አየር ሰነፍ ነው፣ ቀላሉን መንገድ ከሰጠኸው ከባዱን አይሄድም" አሉኝ። አውሮፕላኑ በማግስቱ በረረ፣ ሙቀቱ ከሌሎቹ ጋር ተስተካከለ። ካውል ፍላፗን እስከ ጫፍ ከፍቶ መጓዝ ለምን አልረዳም? መውጫው ቢሰፋም አየሩ በአቋራጭ እየወጣ ነበራ። ጸሐፊው "ክዳን ሲነሳ ሞተር ይቀዘቅዛል" ሲሉ ይቺ ጎማ ናት ትዝ ያለችኝ።

"ሐዋሳ ላይ የሚያርፈው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ፍላፖቹን ይዘረጋል፤ በዓይናችን የምናየው ነው።"

በዓይናችን የምናየውስ እውነት ነው። ነገር ግን የሚዘረጋው የክንፍ ፍላፕ ነው። ስም ያሳስታል። የክንፍ ፍላፕ አውሮፕላኑ ፍጥነት ቀንሶም ሳይወድቅ አየር ላይ እንዲቆይ የሚያግዝ ነው፣ ከሞተር ሙቀት ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ከዚያም በላይ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ኪው 400 ካውል ፍላፕ የሚያስፈልገው ሞተር የለውም። ፕሮፔለር ቢኖረውም ሞተሩ ተርባይን ነው። ፒስተን የለው፣ ሲሊንደር የለው። ተርባይን ወደ ውስጡ ከሚስበው አየር ነዳጅ ለማቃጠል የሚጠቀምበት ትንሹን ነው፣ አብዛኛው ነበልባሉን ለማቀዝቀዝና ብረቱን ለመጠበቅ ይውላል። ማቀዝቀዣው ሆዱ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ካውል ፍላፕ ስናወራ ስለ ፒስተን ሞተር ብቻ ነው የምናወራው። ይህን ነጥብ እዚህ ልተወው።

"አምራቾቹ ሁልጊዜ ክፍት አድርገው ቢሠሩት ይሻል ነበር፤ መዝጊያው ትርፍ ነው። ብዙ በተከፈተ ቁጥር ሞተሩ ይጠቀማል።"

ይሄ ለእኔ የጽሑፉ ደስ የሚል ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ታሪክ ያስነሳል።

ድሮ በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ኮፈን አልነበራቸውም። ሲሊንደሮቹ ውጭ ተንጠልጥለው በነፋስ ይመቱ ነበር። ልክ ጸሐፊው እንደሚፈልጉት፣ ሁሉ ነገር ክፍት። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ናካ በሚባለው የምርምር ተቋማቸው ውስጥ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ በኮፈን ሸፍነው በነፋስ ዋሻ ፈተሹት። አንድ ከርቲስ ሆክ አውሮፕላን ኮፈኑ ሲገጠምለት ፍጥነቱ በሰዓት ከ118 ማይል ወደ 137 ማይል ወጣ። በኪሎ ሜትር ከ190 ወደ 220 ማለት ነው። ሞተሩ አልተቀየረም። ላሜራ ብቻ ነው የጨመሩት። ኮፈኑ የ1929ን የኮሊየር ሽልማት አስገኘ። በአሜሪካ አቪዬሽን ውስጥ ትልቅ የሚባለው ሽልማት ነው።

ከዚያ ግን ጥያቄ መጣ። ሲፈጥን የሚበቃው መውጫ፣ በዝግታ ወደ ላይ ሲወጣ አይበቃም። ለመውጣት የሚበቃው ደግሞ ሲፈጥን ትርፍ ይሆናል፤ ትርፍ አየር በሞተሩ ውስጥ ማሳለፍ ማለት አውሮፕላኑን ወደ ኋላ መጎተት ነው። ስለዚህ መውጫውን የሚቀያየር አደረጉት። ካውል ፍላፕ የተወለደችው እንደዚህ ነው።

እዚህ እኛም ታሪክ አለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በሲ 47 ነው፣ የዲሲ 3 ወታደራዊ ወንድም። በእያንዳንዱ ክንፉ ላይ ባለ 14 ሲሊንደር ክብ ሞተር ነበረው። የኮፈኑ የኋላ ጠርዝ ዙሪያውን በካውል ፍላፕ የተከበበ ነው። የድሮ ፎቶ ካገኛችሁ መሬት ላይ ቆሞ ሲሠራ እዩት፤ ፍላፖቹ እንደ አበባ ፈክተው ይታያሉ። አየር ላይ የተነሳውን ስታዩ ግን ተከድነዋል። ሁልጊዜ መክፈት ቢያዋጣ ኖሮ ያን ሁሉ የሃይድሮሊክ ቱቦ ማን ይዘረጋው ነበር?

ብዙ በተከፈተ ቁጥር ይሻላል ለሚለው ደግሞ ቢ 29ን እጠራለሁ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከባድ ቦምብ ጣይ ነው፤ አራት ሞተር፣ በእያንዳንዱ 18 ሲሊንደር በሁለት ረድፍ። ሞተሮቹ በመሞቅና በእሳት የታወቁ ነበሩ። ሙከራ ላይ የነበረው ሁለተኛው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 1943 ሞተሩ ተቃጥሎ ሲያትል ከተማ ላይ ወድቋል። ታዲያ ፍላፖቹን እስከ ጫፍ ከፍቶ መነሳት መፍትሔ መሰለ። አልሆነም። ሙሉ በሙሉ የተዘረጋው ፍላፕ አውሮፕላኑን ይጎትተዋል፣ ያንዘፈዝፈዋልም። የተጎተተ አውሮፕላን ፍጥነት አያገኝም። ፍጥነት ከሌለ አየር የለም። አየር ከሌለ ሞተሩ ይብስበታል። አብራሪዎቹ ለመነሳት በከፊል እየዘጉ ነበር የሚሄዱት። ጭራውን ለመያዝ እንደሚዞር ውሻ ነው ነገሩ።

ትንሿ 206 ላይ እንኳ ከፍታህን ጠብቀህ ስትበር ፍላፕ ክፍት ከረሳህ ጥቂት ኖት (የአውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ ነው) ትከፍላለህ። ነዳጁም ከኪስህ ነው።

"ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ እንደ ሐዋሳና አዲስ አበባ ያለ ከፍታ ላይ የማቀዝቀዝ ችግር የለም።"

ግማሹ ልክ ነው። በመደበኛው ስሌት አንድ ሺህ ሜትር በወጣህ ቁጥር 6.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ይቀንሳል። ግን አየር ሙቀት የሚወስደው በቅዝቃዜው ብቻ አይደለም፣ በብዛቱም ነው። አንድ ብርጭቆ በረዶ ውሃና አንድ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ ይዘህ የጋለ ምጣድ ላይ ብትደፋ የትኛው እንደሚያቀዘቅዘው ይታወቃል።

ሐዋሳ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሞቅ ባለ ከሰዓት የከተማችን አየር ከባሕር ወለል አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። 4000 ሜትር ላይ ደግሞ ሲሶው የለም። ብርዱ አለ፣ አየሩ ግን የለም።

ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነጥብ አለ። ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ እሱም ጉልበቱ ስለሚቀንስ የሚያመነጨው ሙቀትም ይቀንሳል። ስለዚህ እዚያ ነገሩ በመጠኑ ይካካሳል። ተርቦ ያለው 206 ላይ ግን ይህ አይሠራም። ተርቦው አየሩን አምቆ ሞተሩ የባሕር ወለል ላይ ያለ ያህል እንዲሠራ ያደርገዋል። ሙቀቱ ሙሉ ነው፣ ማቀዝቀዣው አየር ግን ሳስቷል። ተርቦ ያለው አውሮፕላን የሚያበር ሰው ከፍታ ላይ ከሙቀት ጌጁ ዓይኑን የማይነቅለው ለዚህ ነው።

ከባዱ ሰዓት ደግሞ ከፍታው ሳይሆን ወደዚያ መውጣቱ ነው። ስትወጣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ላይ ነው፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ። ብዙ ሙቀት፣ ትንሽ አየር። ያኔ ፍላፕ ይከፈታል። ያም ካልበቃ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርገህ ፍጥነት ትጨምራለህ። ነዳጁንም ወፈር ታደርገዋለህ፤ ትርፉ ነዳጅ ቃጠሎውን ስለሚያቀዘቅዘው። ጸሐፊው ነዳጅን ጨርሶ አላነሱትም። መሬት ላይም እንዲሁ ነው። ቆሞ የሚሠራ ሞተር የሚያገኘው የፕሮፔለሩን ንፋስ ብቻ ስለሆነ ፍላፕ ከፍቶ፣ አፍንጫን ወደ ንፋሱ አዙሮ መቆም የድሮ ልማድ ነው።

"አብራሪው የዘይቱን ሙቀት ካየ ይበቃዋል።"

አይበቃውም። ዘይት ዘገምተኛ ነው። ቴስታታው፣ የሲሊንደሩ ራስ፣ ሲግል ዘይቱ ገና ወሬው አልደረሰውም። የሚታየው የቴስታታው ሙቀት ነው። ላይካሚንግ ሞተሮች ላይ ከፍተኛው ገደብ በአብዛኛው 260 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው፣ ኮንቲኔንታል ላይ 238። ሞተሩን ለዓመታት ማቆየት የሚፈልግ ሰው ግን ገደቡ ድረስ አይጠብቅም፣ ከፍታውን ጠብቆ ሲበር ከ204 በታች መያዝ ይመርጣል። በፋራናይት 400 ማለት ነው። ቴስታታው አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ደግሞ ከመቅለጡ ብዙ ቀድሞ ነው ጉልበቱ የሚከዳው። በዓይን አይለይም። አንድ ቀን ስንጥቅ ሆኖ ታገኘዋለህ።

"ሲወርዱ ካውል ፍላፕ መዝጋት የድሮ ሰዎች አጉል እምነት ነው፤ ሞተር በድንገት በመቀዝቀዝ አይሰነጠቅም።"

እዚህ ጋ ቀስ እላለሁ። ጸሐፊው የያዙት ነገር ባዶ አይደለም። ድንገተኛ ቅዝቃዜ ቴስታታ ይሰነጥቃል አይሰነጥቅም የሚለው በሙያው ሰዎች መካከል ገና ያከራክራል። አይሰነጥቅም የሚሉት ጥሩ ክርክር አላቸው፦ ሞተር ሲጠፋ የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት ብዙ ጊዜ አብራሪው ሲወርድ ከሚያደርገው ይበልጣል፣ በዝናብ ውስጥ የሚያልፍ ሞተርም ወዲያው አይፈርስም ይላሉ።

በሌላ በኩል ላይካሚንግ ራሱ በደቂቃ ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በላይ አታቀዝቅዙ ብሎ ይመክራል። ወደ 28 ሴልሲየስ ይሆናል።

የኔ ሐሳብ፦ የስንጥቁን ክርክር ለባለሙያዎቹ እንተወው፤ ፍላፕ መዝጋት ግን ሌላ ምክንያትም አለው። ስትወርድ ጋዙ ተቀንሷል፣ ፍጥነቱ ጨምሯል። የመውጣት ተቃራኒ ነው፤ ትንሽ ሙቀት፣ ብዙ አየር። ፍላፑ ክፍት ከሆነ ሞተሩ እየበረደ ይመጣል። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ስትደርስ በሬ ገብቶ ታያለህ እንበል። ማረፉን ትተህ ሙሉ ጋዝ ትሰጣለህ። ፒስተኑ ወዲያው ይሞቅና ያብጣል፣ ሲሊንደሩ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፣ አልሰፋም። መፋተግ ይጀምራል። ለብ ያለ ሞተር ይዞ ማረፍ የአጉል እምነት ጉዳይ አይደለም። ደግሞስ ማንሻዋን መግፋት ምን ያስከፍላል? በነጻ ነው።

መዝጋት ሲባል ግን የሚረሳ ነገር አለ። ያንን ማረፍ ትተህ እንደገና ስትወጣ ፍላፗ እንደተዘጋች ነው። እጅህ ወደ ማንሻዋ መሄድ አለበት። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይረሳታል።

"ካውል ፍላፕ ያረጀ ቴክኖሎጂ ነው፤ አዲስ አውሮፕላን ላይ የለም።"

ሴስና 182 ዛሬም ይመረታል፣ ካውል ፍላፕም አለው። እውነት ነው፣ ሲረስ ኤስአር 22 የለውም፤ መውጫው ቋሚ ሆኖ ነው የተሠራው። ሴስና 172ም በአብዛኛው የለውም፣ ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ቋሚ መውጫ ይበቃዋል። በውሃ የሚቀዘቅዙ ሞተሮችም መጥተዋል። ቋሚ መውጫ ማለት ግን ስምምነት ነው፦ ለመውጣት እንዲበቃ ታሰፋዋለህ፣ ከዚያ በበረርክ ቁጥር ትርፉን ትከፍላለህ። አንዳንዱ ይህን ይመርጣል፣ ምክንያቱም ማንሻ ከሌለ የሚረሳ የለም። ይሄን አልቃወምም።

አሁን ወደ ባጃጁ ልመለስ፤ የተነሳሁትም ለእሱ ነው።

በአየር የሚቀዘቅዘው የባጃጅ ሞተር ቬንትሌተር አለው። ቬንትሌተሩ የሚነፋውን አየር ያ ክዳን ነው ይዞ በሲሊንደሩ ክንፎች ዙሪያ የሚያዞረው። የአውሮፕላኑን ባፍል ሥራ ነው የሚሠራው። ክዳኑን ስታወልቀው ሞተሩ "አይተነፍስም"፤ ቬንትሌተሩ የነፋው አየር በአቋራጭ ይበተናል። የታጠፈችው ጎማ ናት፣ አሁን ግን ጣት የምታህል ሳትሆን ሙሉዋን ወልቃ።

የድሮ ቮልስ የነዳ ሰው ይሄን ያውቃል። ቮልስ ሞተር ዙሪያውን በላሜራ የታሸገ ነው፣ በጠርዙም ጎማ አለው። ያ ጎማ ሲያረጅ ከሥር ያለው ሙቅ አየር ተመልሶ ወደ ቬንትሌተሩ ይገባል፣ መኪናው ዳገት ላይ መጋል ይጀምራል። ቬንትሌተሩ ቤት ውስጥ ደግሞ በቴርሞስታት የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ መዝጊያዎች ነበሩት፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን አየሩን ይገድባሉ፣ ሲሞቅ ይለቁታል። የካውል ፍላፕ የአክስት ልጅ በሉት፣ ያውም ማንም ሳይነካው ራሱ የሚሠራ። ስንቱ ሜካኒክ "ምን ይሠራል ይሄ" እያለ አውልቆ እንደጣለው ቤቱ ይቁጠረው።

ለልጁ ይሄን ሁሉ በወረቀት ላይ እየሳልኩ አስረዳሁት። ጓዳው በር ጋ ስደርስ ገባው፤ እናቱ ቤት ልክ እንደዚያ ነው አለኝ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ዝም ብሎ ወረቀቱን አየ።

"ጋሼ፣ ታዲያ ባጃጅ ላይ ካውል ፍላፕ መግጠም አይቻልም?"

"መጀመሪያ ክዳኑን አምጣልኝ።"

"ለቁራሌው ሸጥኩት።"

"መቼ?"

"ትናንት። በሃምሳ ብር።"

"በል ሩጥ። ገና ሰፈር ውስጥ ይሆናል።"